በቡድኑ መካከል የተደበቀ ከዳተኛ፦ ተጫዋቾቹ ይወቁ ወይስ አይወቁ?

የሐሙስ ማታ (ውይይቱን የከፈተች)

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ መድረክ ላይ ጨዋታ የመምራት ልምድ ያላቸው ብዙ ሰዎች ስላሉ ምክር ልጠይቅ ነው የመጣሁት። እኛ የምንጫወተው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን (ዲ ኤንድ ዲ) አምስተኛ እትም፣ ማለትም እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ እየተጫወተ በጋራ ታሪክ የሚሠራበትን ጨዋታ ሲሆን፣ ከፊሎቻችን አዲስ አበባ፣ ሌሎቻችን ሜሪላንድና ፍራንክፈርት ስለምንኖር የምንገናኘው በኢንተርኔት፣ በዲስኮርድ ነው። ጨዋታውን የምመራው (ጌም ማስተሯ) እኔ ነኝ። ከአምስቱ ተጫዋቾች አንዱ ካምፔይኑ (ከጨዋታ ጨዋታ የሚቀጥለው ረጅም ታሪክ) ከመጀመሩ በፊት በግል ጽፎ፣ የእሱ ዋርሎክ (ከኃያል ፍጡር ጋር ውል ገብቶ አስማት የሚያገኝ ገጸ ባሕርይ) ኃይሉን ያገኘው ቡድኑ ሊያጠፋት ከተነሣው ከዚያችው ንግሥት እንዲሆን፣ ይህም እስከ መጨረሻው ፍልሚያ ድረስ በእኔና በእሱ መካከል ብቻ እንዲቀር ጠየቀኝ። ሐሳቡ ስለማረከኝ ፈቀድኩለት።

ባለፈው ጨዋታ፣ ቡድኑ እሳት ዳር ተቀምጦ ሳለ ፓላዲኑ (በመሐላ የታሰረው ተዋጊ) ዋርሎኩን «ያንን ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ማን ሰጠህ?» ብሎ ጠየቀው። ዋርሎኩ ከሞተ ነጋዴ ኪስ እንዳገኘው ተናገረ። ዳይስ ተጣለ፣ ከፍ ያለው ያሸንፋል፤ የማታለሉ ውጤት 23፣ የፓላዲኑ የማስተዋል ውጤት 9 ሆነ። ፓላዲኑን የሚጫወተው ልጅ «እሺ፣ አምኜዋለሁ» አለ፤ ድምፁ ግን ያመነ ሰው ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ዋርሎኩ የጥበቃ ተራው በደረሰ ቁጥር ፓላዲኑም «እንቅልፍ አልወሰደኝም» እያለ አብሮት ይቆማል። ሌሎቹም እኔና ያ ተጫዋች በግል መልእክት ምን እንደምንባባል መጠየቅ ጀምረዋል። ምስጢሩን ልጠብቅለት ወይስ አሁን ለሁሉም ይፋ ይሁን? የእናንተ ጠረጴዛ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ያስተናግዳል?

ባለ ጥቁር ዳይስ

በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ምስጢሮች ተቀላቅለው ይታዩኛል። አንደኛው ዋርሎኩ ከጓደኞቹ የደበቀው ነው፤ ይህ የታሪኩ አካል ስለሆነ በራሱ ማንንም አይጎዳም። ሁለተኛው ግን እርስዎና ተጫዋቹ ከሌሎቹ አራት ሰዎች የደበቃችሁት ነው። የመጀመሪያው እንዲቆይ ሁለተኛው የግድ አያስፈልግም።

እኔ በምመራው ጠረጴዛ ላይ ከዳተኛው ማን እንደሆነ ተጫዋቾቹ ሁሉ ከመጀመሪያው ያውቃሉ፤ ገጸ ባሕርያቱ ግን አያውቁም። ብዙ ሰው ይህ አሠራር የታሪኩን ጣዕም ያጠፋዋል ብሎ ይፈራል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። የቡድናችን ክለሪክ (ፈዋሽ ካህን) የመጨረሻውን የፈውስ መድኃኒት የምትሰጠው ሰው ስትፈልግ፣ ተጫዋቿ የመንደሩን የውኃ ጉድጓድ የመረዘው ማን እንደሆነ ጠንቅቃ እያወቀች፣ ሆን ብላ ለዚያው ለመራዡ ሰጠችውና «ከአንተ በቀር ማንን አምናለሁ?» አለችው። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ «ኧረ!» ብሎ ጮኸ። ባታውቅ ኖሮ መድኃኒቱን ለማንም ሰጥታው ታልፍ ነበር፤ ያንን ዓረፍተ ነገር እንድትመርጥ ያደረጋት ማወቋ ነው። የሚያውቅ ተጫዋች ገጸ ባሕርይውን ወደ አደጋው እጁን ይዞ ይወስደዋል፣ የማያውቅ ተጫዋች ግን ራሱን ሲጠብቅ ነው የሚውለው። የእርስዎ ፓላዲን አሁን እያደረገ ያለውም ይኸንኑ ነው።

በተጨማሪ ጊዜውን ይቁጠሩት። እርስዎና ዋርሎኩ በግል መልእክት በምትነጋገሩበት ጊዜ ሌሎቹ የሚያዩት ዝም ያለ የድምፅ ቻናል ብቻ ነው። ድብቁ ታሪክ ምንም ያህል ቢያምር ተመልካቾቹ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ምሽግ

ባለ ጥቁር ዳይስ ያሉት ለእሳቸው ጠረጴዛ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሁሉም ጨዋታ ሕግ አድርጎ ማቅረቡ ግን አይዋጥልኝም። በ1984 የወጣውን ፓራኖያ የተባለውን ጨዋታ ያየ ሰው፣ ምስጢር ራሱ ጨዋታን ደግፎ ሊይዝ እንደሚችል ያውቃል። ተጫዋቾቹ የሚኖሩት አንድ ኮምፒውተር በሚገዛው አልፋ ኮምፕሌክስ በተባለ ዝግ ከተማ ውስጥ ነው፤ ሥራቸውም ከሃዲዎችን እያደኑ መግደል ነው። ልዩ ኃይል ይዞ የተወለደ ሰው ከሃዲ ነው፣ የድብቅ ማኅበር አባልም ከሃዲ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ደግሞ ሁለቱንም ነው። ከዚህ አልፎ የደንቡን መጽሐፍ ከተፈቀደልህ ደረጃ በላይ እንደምታውቅ ማሳየት ራሱ በክህደት ያስከስሳል። ሰዎች ወረቀት ለጌም ማስተሩ በስውር ያቀብላሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ጆሮ ጠቢ ይሆናል፣ ማንም ግን ቅር ብሎት ወደ ቤቱ አይሄድም።

ለምን ቢሉ፣ አንደኛ ሁሉም ከዳተኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የተደበቀው ዝርዝሩ ብቻ ነው። ሁለተኛ ሞት ርካሽ ነው። ተጫዋቹ ስድስት ቅጂዎች ያሉት ሰው ስለሚጫወት አንዱ ሲገደል ሌላው «ደኅና ዋላችሁ» ብሎ ይገባል። በዲ ኤንድ ዲ ግን ወራት ሙሉ የተንከባከብከው ገጸ ባሕርይ በጓደኛህ እጅ ሲሞት የሚተካው የለም። ስለዚህ ምስጢሩን ከመወንጀላችን በፊት ምስጢሩ የተቀመጠበትን ጨዋታ እንመርምር እላለሁ። መገረምን የሚወድ ተጫዋች አለ፤ እኔ አንዱ ነኝ። ሁሉን አስቀድሜ እንዳውቅ ብገደድ የራሴን ታሪክ እንደ ተዋናይ እያነበብኩ ያለሁ ይመስለኛል።

ዝምተኛው ጎብሊን

በ1959 የታተመው ዲፕሎማሲም ከዚህ ጋር ይነሣል። ሰዎች ጥግ ይዘው ይመካከራሉ፣ ይማማላሉ፣ ከዚያ ሁሉም ትእዛዙን በወረቀት ጽፎ በአንድ ጊዜ ሲገለጥ ማን ማንን እንደካደ ይታወቃል። ነገር ግን እሱ አንድ አሸናፊ የሚወጣበት የሰሌዳ ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቹ ሲቀመጥ ጀምሮ ሰባቱም ተቀናቃኞች እንደሆኑ ያውቃል። በዲ ኤንድ ዲ ሰው የሚቀመጠው አብሮ ሊጓዝ ነው። ፓላዲኑን የሚጫወተው ልጅ በየትኛው ውል እንደተቀመጠ ነግራችሁታል?

የተራራው መንገደኛ

ስለ መተማመን ከተነሣ፣ በእኔ እምነት ይህን ጉዳይ ከሁሉ በተሻለ የመረመረው ቲሞቲ ክላይነርት በ2005 ያወጣው ዘ ማውንቴን ዊች የተባለ ትንሽ ጨዋታ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

ተጫዋቾቹ ጌታ የሌላቸው ሳሙራዮች ናቸው። በፉጂ ተራራ ላይ የሚኖረውን ጠንቋይ እንዲገድሉ ተቀጥረው አብረው ይወጣሉ። እያንዳንዱ ሰው ሲጀመር አንድ የጨለማ ዕጣ ይደርሰዋል፤ በቀል፣ የቀድሞ ታማኝነት፣ ከክፉ ኃይል ጋር የተገባ ውል፣ ወይም ይህን የመሰለ ነገር ነው። ዕጣህን ለማንም አትናገርም፤ ምን ዝርዝር እንደሚኖረውም የምትወስነው በጨዋታው ሂደት አንተው ነህ። እስከዚህ ድረስ ከተለመደው አይለይም።

የሚለየው የመተማመን ነጥብ መኖሩ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሌሎቹን ጓደኞቹን ምን ያህል እንደሚያምን በቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ቁጥሩም የተደበቀ አይደለም። እኔ ለአንተ ሦስት ነጥብ ከሰጠሁህ፣ ያ ሦስት በእኔ እጅ ሳይሆን በአንተ እጅ ነው ያለው። በጦርነት ላይ ስወድቅ ልታግዘኝ የምትችለው ያንን ነጥብ ከፍለህ ነው፤ ካላመንኩህ ልታግዘኝ ብትፈልግም አትችልም። ነገር ግን ልትከዳኝ ስትፈልግ የምታወጣውም ያንኑ ነጥብ ነው። አንድ ሰው ሊያድነኝ የሚችለውን ያህል ብቻ ሊያጠፋኝ ይችላል፣ መጠኑን የወሰንኩትም እኔ ነኝ። ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ሌላው ስንሸጋገር እያንዳንዱ ሰው የሰጠውን መልሶ ይመዝናል።

ይህ ደንብ በጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚያደርግ ካላዩት ለማመን ይከብዳል። ተራራው ሰውን ሁሉ አንድ ላይ ስለሚገፋ ያለ እርዳታ መትረፍ አይቻልም፣ እርዳታ ለማግኘት ደግሞ መታመን አለብህ፣ ስለዚህ ሁሉም እየተጠራጠረ ነጥቡን ይሰጣል። አንድ ጊዜ አብሮኝ የሚጫወት ሰው በምዕራፍ መካከል «ከአንተ ላይ አንድ እቀንሳለሁ» ሲለኝ፣ እንደ ስድብ ነበር የተሰማኝ፤ ምክንያቱን ለማወቅ የቀረውን ሰዓት በሙሉ እሱን ስከታተል አሳለፍኩ። ልብ በሉ፣ ጥርጣሬው እዚያ ጠረጴዛ ላይ በግልጽ ተነግሮ የጨዋታው አካል ሆነ። የእህታችን ፓላዲን ግን ጥርጣሬውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስላጣ «እንቅልፍ አልወሰደኝም» እያለ ሌሊቱን ይቆማል።

የሐሙስ ማታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፓላዲኑን በተመለከተ የተባለው ልክ ነው፤ በምን ውል እንደተቀመጠ ማንም አልነገረውም። ስንጀምር የተነጋገርነው ስለ ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም የልጆች ሥቃይ በታሪኩ እንዳይገባ ብቻ ነበር። አንድ ነገር ግን ገና አልገባኝም። ዳይሱ 23 እና 9 ብሎ ከፈረደ በኋላ ፓላዲኑ ማመን አልነበረበትም? ካላመነ፣ ያ ሁሉ የማታለል ክህሎት ለምን ተጻፈ?

ባለ ጥቁር ዳይስ

የ2014ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ስለ ማስተዋል የሚለውን መልሰው ያንብቡት። ክህሎቱ የሚፈርደው አንድ ሰው የሌላውን እውነተኛ ሐሳብ ለይቶ ማወቅ መቻሉን ነው፤ ውሸት ሲፈተሽ ወይም ቀጣዩ እርምጃ ሲገመት ማለት ነው። ስለዚህ 9 ያወጣ ሰው ያገኘው «በፊቱ ላይ ውሸት የሚያሳብቅ ምልክት አላየሁም» የሚለውን ነው። ምልክት አለማየትና ማመን ደግሞ ይለያያሉ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከሞተ ነጋዴ ኪስ ተገኘ የሚለው ታሪክ፣ ተናጋሪው ዓይኑን ሳያርገበግብ ቢናገረውም፣ በራሱ የሚያጠራጥር ነው።

እኔ በሁለት ተጫዋቾች መካከል ማታለልን በዳይስ ማስፈረድ ጨርሶ ትቻለሁ። ውሸቱ የተነገረው ተጫዋች «ገጸ ባሕርዬ ያምነዋል» ወይም «አያምነውም» ብሎ ይወስናል፤ ዳይስ የሚጣለው እሱ ራሱ መወሰን አቅቶት ሲጠይቅ ብቻ ነው። አንድን ሰው በቁጥር አስገድደህ እንዲያምን ስታደርገው ገጸ ባሕርይውን ከእጁ ቀምተኸዋል። እንደ እንግዳ ማረፊያ ባለቤት ላለ ጌም ማስተሩ ለሚጫወተው ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ያለው አንድ ሰው ብቻ ለሆነ ተጫዋች ግን ብዙ ነው።

አሮጌ ካርታ

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር እንዳይመስል ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ሌባ የተባለው የገጸ ባሕርይ ዓይነት ወደ ዲ ኤንድ ዲ የገባው በ1975 በወጣው ግሬይሆክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። በዚያ ዘመን ደንብ ጭራቅ ከሚኖርበት ዋሻ ይዘህ የወጣኸው ወርቅ ደረጃ የሚያሳድግ የልምድ ነጥብ ሆኖ ይቆጠርልሃል፤ ጭራቅ ከመግደል የሚገኘው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በር ከፍቶ ቀድሞ የሚገባው ሌባው ነው፣ ሣጥኑን የሚፈትሸው ሌባው ነው፣ ወርቅ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚያደርስ ነገር ነው። ዕንቁዋን እጅጌው ውስጥ ከትቶ «ባዶ ነው» ብሎ ቢወጣ ምን ይገርማል? ለጌም ማስተሩ በቁራጭ ወረቀት «ቀይዋን ወስጃለሁ» ብሎ ማቀበል ከዚያ ዘመን ልማድ የመጣ ነው።

ከዚህ የተነሣ «ገጸ ባሕርዬ እንዲህ ዓይነት ሰው ስለሆነ ነው» የሚለው ሰበብ እስከ ዛሬ ድረስ በየጠረጴዛው ይሰማል። ሰበቡ ያኔ ቢያንስ ደንቡ ከኋላው ነበረ። ዛሬ በአምስተኛው እትም አብዛኛው ጠረጴዛ የሚያድገው በጋራ በተሸነፈ ጠላት ወይም በታሪኩ ምዕራፍ ነው፤ ሁሉም እኩል ያድጋል። ከጓደኛው የሚሰርቅ ወይም ጓደኛውን የሚከዳ ሰው ደንቡ የሚከፍለው አንዳች ነገር የለም፤ የሚያገኘው የሌሎቹን መደንገጥ ብቻ ነው። የተራራው መንገደኛ ካሉት ጋር ይህ የሚገጥም ይመስለኛል፤ እዚያ ክህደት ዋጋ አለው፣ እዚህ ግን ነፃ ነው።

በነገራችን ላይ በ2019 የወጣው የስዊድኖቹ ኤሊየን ጨዋታም አጭር የሆኑት ታሪኮቹ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በየምዕራፉ ድብቅ ዓላማ በካርድ ያድላል። ለሁሉም መታደሉን ልብ በሉ።

ስድስተኛዋ ወንበር

እኔ በሌላው ወገን ስለነበርኩ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነበርኩበት ቡድን ውስጥ አንዱ ጓደኛችን ከመጀመሪያው ጀምሮ የጠላት ሰላይ ነበር። ከጌም ማስተሩ በቀር ማንም አያውቅም። እኔ የቡድኑ ካርታ ሠሪና ዕቅድ አውጪ ነበርኩ፤ ከጨዋታ ጨዋታ መካከል ባሉት ቀናት ከሥራ ስመለስ ተቀምጬ የምሽጉን በሮች፣ የዘቦቹን ሰዓት፣ የመውጫ መንገዶቹን በወረቀት እጽፍ ነበር። ጽፌም ለጌም ማስተሩ እልክለታለሁ፤ «በጣም ጥሩ ነው፣ በርቺ» ይለኛል። በመጨረሻው ሌሊት ሰላዩ በሩን ከፈተ፣ ዘቦቹ ሁሉ እየጠበቁን ነበር፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቅን።

ሰዎች «ክህደቱ አስከፋሽ?» ይሉኛል። ክህደቱስ ግሩም ነበር፤ ምልክቶቹን ወደ ኋላ ተመልሼ ስቆጥር ልጁ ምን ያህል በብልሃት እንደተጫወተ አደንቃለሁ። ውስጤን የበላኝ «በርቺ» የሚለው ቃል ነው። ጌም ማስተር ስለ ዓለሙ ይዋሸኝ፤ የምታሳዝን የምትመስለው አሮጊት ጠንቋይ ሆና ትገኝ፣ ዋሻው ወጥመድ ይሁን፤ ይህ ሥራው ነው። ነገር ግን ድካሜ ከንቱ መሆኑን እያወቀ የሚያደፋፍረኝ ከሆነ፣ ያን ጊዜ የሚያናግረኝ እንደ ጌም ማስተር ነው ወይስ እንደ ጓደኛ? ከዚያ በኋላ ስለ ምንም ነገር ሲመልስልኝ ሁለት ጊዜ ማሰብ ጀመርኩ፤ «ሐሙስ መምጣት አልችልም» ሲለኝ እንኳ። እህቴ፣ እርስዎ ስለ ዋርሎኩ ጠየቁ፣ እኔ ግን የምፈራው ለእርስዎ ነው። ምስጢሩ ሲወጣ ሰዎቹ ዋርሎኩን ይቅር ይሉታል፤ ተጫዋች ነውና። «አንቺ ግን ታውቂ ነበር» የሚሉት እርስዎን ነው።

ምሽግ

ስድስተኛዋ ወንበር የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ጌም ማስተሩ ያሉትን አልከራከርም። ያም ሆኖ መፍትሔው ሁሉን ዘርግፎ መናገር ነው የሚለውን አልቀበልም። ዋርሎኩን የሚጫወተው ልጅም በውል ተቀምጧል፤ ምስጢሩን እንደሚጠብቁለት ቃል ገብተውለታል፣ ያለ ፈቃዱ ቢያወጡት የከዱት እርስዎ ይሆናሉ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ልጁን ለብቻው አነጋግሬ ምስጢር መኖሩ እንዲነገር እስማማለሁ፤ ምን እንደሆነና የማን እንደሆነ ግን አይነገርም። ከዚያ ለሌሎቹ አራቱም እያንዳንዳቸው ከራሳቸው ገጸ ባሕርይ ታሪክ የወጣ፣ ከዋርሎኩ ያላነሰ ክብደት ያለው ምስጢር እንዲመርጡ እጠይቃለሁ። ፓላዲኑ መሐላውን አንድ ጊዜ አፍርሶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የግል መልእክት ሲላክ ማንም «ምን እየተባለ ነው?» አይልም፤ ሁሉም የራሱን የሚደብቀው አለውና። ዋርሎኩም ምልክት እያንጠባጠበ እንዲሄድ አስገድደዋለሁ። ንግሥቲቱ ስሟ በተጠራ ቁጥር እጁ ይቀዝቅዝ፣ ያየ ይይ። ጓደኞቹ ደርሰው ሊያውቁበት የማይችሉት ምስጢር ለእነሱ ጨዋታ አይደለም።

ባለ ጥቁር ዳይስ

ከዚህ በፊት ከምሽግ ጋር ተስማምቼ አላውቅም፤ የአሁኑን ግን በግማሽ እቀበለዋለሁ። የማልቀበለው እስከ መጨረሻው ፍልሚያ የሚለውን ነው። ምስጢር በመጨረሻው ሰዓት ሲወጣ ማንም ምላሽ ለመስጠት ጊዜ አያገኝም፤ ጸጸት፣ ቁጣ፣ ይቅርታ፣ ዋርሎኩ ከንግሥቲቱ ጋር ያለውን ውል ለማፍረስ መታገሉ፣ ይህ ሁሉ ጣፋጭ ነገር ሳይጫወቱት ይቀራል። በካምፔይኑ መካከል ቢወጣ የቀረው ግማሽ ስለዚያ ይሆናል።

የሐሙስ ማታ

ዋርሎኩን የሚጫወተውን ልጅ ትናንት አነጋገርኩት። እንደፈራሁት አልተከፋም፤ እንዲያውም ፓላዲኑ አብሮት ጥበቃ መቆሙ እሱንም አሳቅቆት እንደነበር ነገረኝ። ምስጢር መኖሩ እንዲነገርና ከመጨረሻው በፊት እንዲወጣ ተስማምቷል፤ ምልክቱን እሱ ራሱ ሊመርጥ ይፈልጋል። ለቡድኑ የጻፍኩት መልእክት ይህ ነው፦

«ከገጸ ባሕርያቱ መካከል ከሌሎቹ የደበቀው ከባድ ነገር ያለው አለ። እኔ አውቀዋለሁ። በጨዋታው ውስጥ በሚታዩ ነገሮች ልትደርሱበት ትችላላችሁ። ከሐሙስ በፊት እያንዳንዳችሁ የእናንተን ገጸ ባሕርይ አንድ ምስጢር በግል ላኩልኝ። ከዚህ በኋላ አንዱ ተጫዋች ሌላውን ቢዋሸው፣ ይመን አይመን የሚወስነው ውሸቱ የተነገረው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ የማይመቸው ካለ ለእኔ ይጻፍልኝ፤ ማን እንደጻፈ ሳልናገር እናቆመዋለን።»

ዕቅድ ለሚልክልኝ ሰው ምን ብዬ እንደምመልስ ግን ገና አላወቅሁም። «ደርሶኛል» ብቻ ማለት ይበቃ ይሆን?

ስድስተኛዋ ወንበር

«ደርሶኛል» ይበቃል፤ ለሁሉም ሰው ሁልጊዜ ያንኑ ካሉ። ለአንዱ «ግሩም ነው» ለሌላው «ደርሶኛል» ካሉ ግን በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ይነቃብዎታል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ምስጢሩ ከወጣ በኋላ ቡድኑ ዋርሎኩን ቢያባርረው ልጁ ምን ይጫወታል? የእኛው ሰላይ በሩን ከከፈተ በኋላ ከእኛ ጋር ሊቀመጥ የሚችልበት ገጸ ባሕርይ አልነበረውም። የሁለተኛ ገጸ ባሕርይ ወረቀት ከአሁኑ ይሙላ።

የሐሙስ ማታ

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ዛሬውኑ እጽፍለታለሁ።